መንገድ ያለበት እግር

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

«እግሩን ውርር የሚያደርገው ሰው መንገድ አለበት» ብላ አንዲት ሴት ገበያ ላይ ለባልንጀራዋ ስትነግራት ሰማሁና፣ ወደ ቤት ተመልሼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ይኸው አሁን፦ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ፣ ዓይንሽ፣ ያቺ ስትስቂ ብቻ የምታምሽ ጥርስሽ እንዴት ናቸው? ጊደሯስ? የነየሺሃረግ ውሻ አሁንም ዶሮሽን በክፉ ዓይን ያያታል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ከጉልበቴ በታች ካለች ትንሽ ነገር በቀር ማለቴ ነው። እሷንም ስለምነግርሽ አትቸኩይ።

ደብዳቤሽን ሙላቴ ጨው ሊገዛ ሲመጣ አድርሶልኛል። ፊደልሽ አምሯል። መሠረተ ትምህርት የገባሽ ሰሞን የ«ጠ» እግሮች አንዱ አጭር አንዱ ረጅም እየሆኑ ያስቸግሩሽ ነበር፤ አሁን ሦስቱም እኩል ቆመዋል። ለመስቀል ጭቃው አላራምድ ብሎሽ ደመራ ሳታዪ መቅረትሽን አንብቤ አዘንኩ። ደመራ ቀርተሽ አታውቂም። አሁን ማንበብ ስለቻልሽ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። ለየሺሃረግም ቢሆን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አታንብቢላት።

ወደ እግሬ ልመለስ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው የጀመረኝ። በመጀመሪያ ጉንዳን መሰለኝ። ሱሪዬን ገልቤ ብፈልግ ጉንዳን የለም። ነገሩ ከቁርጭምጭሚቴ ይነሳና በባቴ በኩል ይወጣል፤ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ተመልሶ ይወርዳል። እየቆየ ደግሞ መውረሩ አልፎ መደንዘዝ መጣ። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ሳላውቀው ክፍል ገባሁ። ስለ አባይ ተፋሰስ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንገታቸውን አስግገው ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር። ካርታውን የሚያዩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጣቶቼም ጥቂት ቀምሰውታል፤ ጠመኔው ሾልኮ መውደቁን የማውቀው ድምፁን ስሰማ ነው።

በአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይም ግራ እግሬ ከሰው ግራ እየዘገየ አስቸገረኝ። የቀበሌያችን ካድሬ ጠጋ ብሎ «ጓድ መምህር፣ ግራህ ልል ነው» አለኝ። ደንግጬ «በጥናት አጠናክረዋለሁ» አልኩት። ረክቶ ሄደ።

ያችን የገበያ ሴት አምኜ፣ መንገድ ካለብኝ የጎንደር ዝውውሬ ተፈቅዶልኝ ይሆናል ብዬ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ ድረስ ሄድኩ። የዝውውር ወሬ የለም፤ ደረጃው ግን ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጅቻለሁ። ጫማዬን በክር አስሬ እውላለሁ። ከወንበር ልነሳ ስል አስቀድሜ ባቴን አሻሸውና እንደ ሰነፍ ተማሪ በስሙ እጠራዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክርኔን አስደግፋለሁ፤ ተማሪዎቼ የፈላስፋ አቋቋም ነው ይላሉ።

ታውቂኛለሽ፤ ከመፍራት ይልቅ መጠየቅ ይቀድመኛል። የፊዚክሱ መምህር ዘውገ፣ የሐረር ልጅ ነው፣ «የጉና ብርድ ነው» አለኝ። ዘውገ እዚህ አገር የሚያገኘውን ክፉ ነገር ሁሉ፣ የጠፋ ዣንጥላውን ጭምር፣ በጉና ያሳብባል። ወጌሻው በቅቤ አሽቶኝ «ጅማት ነው» አለ፤ ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። ጠበልም ገባሁ፤ ጠበሉ ቀዝቃዛ መሆኑን ከወገቤ በላይ ያለው አካሌ መስክሯል። አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ «እግር ሲሰንፍ መድኃኒቱ ሳማ ነው» አሉና ከጓሯቸው ቆርጠው ሰጡኝ። እፊታቸው ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ራሴን ገረፍኩ። ይለበልበኛል ብዬ ስጠብቅ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሆነብኝ፤ መኖሩን ሰማሁ እንጂ አላመመኝም። በማግስቱ ውኃ የምጠጣበት ጣሳ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት። እትዬ ጥሩወርቅ ሥጋ ደዌ እንደጠረጠሩ ገባኝ፤ አልተቀየምኳቸውም። እኔም ሌሊት ሌሊት ጣቶቼን እየዳበስኩ ያንኑ ስጠይቅ ሰንብቻለሁ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ ከፎገራ በኩል የመጡ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ወጣቶች ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ሲራመዱ በጣታቸው ጫፍ ነው፤ ጉልበታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንደኛውን፣ ውቤ ይባላል፣ ምን እንዳገኘው ጠየቅሁት። ሰው የአባቱን ስም እንደሚናገር «ጓያ ሰበረኝ» አለኝ። አውድማ ላይ የጓያ ገለባ አንጥፎ ተኝቶ መሆኑንም ነገረኝ። ጓደኛው ተቆጣው፦ «ምን ገለባ ገለባ ትላለህ፣ እንፋሎቱ ነው እንጂ። ሚስትህ ስትቀቅል ማጀት ተጎልተህ።» ውቤም መለሰለት፦ «አንተሳ፣ የማን ማጀት ተጎልተህ ነው? ሚስት እንኳ የለህ።» ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የጓያ ገለባ ካየሁ ስንት ዘመኔ፤ ማጀትም የለኝ። ስለዚህ የእነሱ በሽታ የእኔ እንዳልሆነ አረጋገጥኩና በእፎይታ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ጤና ረዳቱ አድማሱ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ ነካ ቢያደርገው እግሬ ዘሎ ሊመታው ምንም አልቀረው። «ምን ትበላለህ?» አለኝ። «ሽሮ» አልኩት። «ሽሮው የምንድን ነው?» አለኝ። «የእናቴ» አልኩት። ሳይስቅ ቀና ብሎ አየኝ።

ቤት ስመለስ እትዬ ጥሩወርቅ ከላክሽልኝ ሽሮ ቆንጠር አድርገው አሹት፣ ቀመሱት። «ልጄ፣ ዘንድሮ አተር የት አለና?» አሉኝ። ማታውን ጣሳዬ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እናቴ፣ እዚህ ላይ ደብዳቤውን እንዳታስቀምጪው። ልጅ ሳለሁ ጓያ የምትቀቅዪው ከቤት ውጭ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ገደሉ እስኪዞር ትጠብቂያለሽ፣ አፍንጫሽን በነጠላሽ ትሸፍኛለሽ። «ራቅ በል፣ እንፋሎቱ እግር ይሰብራል» ትይኝ ነበር። ክፉው ሁሉ በእንፋሎት ይወጣል፣ የቀረው ደርቆ ሲፈጭ ንጹሕ ነው፤ አገሩ የሚያውቀው ይህን ነው። አምና ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ፣ አተርና ሽምብራው ከስሞ ጓያው ብቻ ሲቆም፣ ያንኑ እንዳደረግሽ ዓይኔ ያየዋል። ቀቀልሽ፣ አሰጣሽ፣ ቆላሽ። ኮረሪማውን ከየት እንዳመጣሽው እግዜር ይወቅ። ከዚያ ፈጭተሽ፣ ነፍተሽ፣ ቁርስም ምሳም እራትም እንዲሆነኝ ላክሽልኝ፤ ሆነኝም። ከቀመሱት አጥንት ድረስ ይዘልቃል የሚባል ጣዕም ነበረው። እንፋሎቱን ለራስሽ አስቀርተሽ ዱቄቱን ለእኔ ላክሽ። አንቺ በምታውቂው ከሄድን፣ እኔ እንድድን አንቺ ልትሰበሪ ተስማምተሽ ነበር ማለት ነው።

አድማሱ እንደሚለው ግን ክፉው ያለው እህሉ ውስጥ ነው፤ እንፋሎቱ ምንም አያውቅም። አንድ ቀን ቢበሉት ምንም አይደለም፤ በየቀኑ፣ ሌላ እህል ሳይቀላቀል ሲሆን ነው። ጥፋተኛ አትፈልጊ። ጥፋተኛ ካለ ዝናቡ ነው፤ እሱን ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ የሚገመግመው የለም። እኔም የአባይን ገባሮች በቃሌ የምወርድ ሰው፣ የጎረስኩት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የእኔ ነገር አያሳስብሽ። ከእንግዲህ ካልበላሁት ባለበት ይቆማል ብሎኛል። መልካም ዜና ነው። ያለበት የት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ። ሳማውንም ትቼዋለሁ።

አንቺ ግን ለምጠይቅሽ መልሺልኝ፤ ባማረው ፊደልሽ ጻፊልኝ። አንቺ ምን ትበያለሽ? ለእኔ የላክሽውን ዓይነት ከሆነ ዛሬውኑ ተይው። ለእኔ ያልላክሽውን፣ ለልጅ አይላክም ብለሽ ለራስሽ ያስቀረሽውን ንፍሮና ቂጣ ከሆነ ደግሞ ይህን መስመር ሳትጨርሺ ተይው። በሙላቴ እጅ የስንዴ ዱቄትና ምስር ልኬልሻለሁ፤ ከሸማቾች ማኅበር ያገኘሁት ነው፤ እትዬ ጥሩወርቅም ከጓዳቸው ጨምረውበታል። በየጊዜው እልካለሁ። «ልጄ ይብላው» ብለሽ ብትመልሺው እኔም ወደ ጓያዬ እመለሳለሁ። ይህን ስል አልቀለድኩም፤ እልኬ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለ እህሉ ለየሺሃረግም፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ንገሪ። ስለ እግሬ ለማንም አትንገሪ።

ለኅዳር ሚካኤል እንድመጣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለካ ያች የገበያ ሴት አልዋሸችም፤ መንገድ ነበረብኝ።

ጓዳሽ አይራቆት፣ እሳትሽ አይጥፋ። የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። ከምትጸልዪው ለእኔ ብቻ አታድርጊው፤ ለራስሽም ጥቂት አስቀሪ።

ልጅሽ

ልረሳው ነበር፦ ከይፋግ እስከ ቤት በእግሬ መምጣት እንደምወድ ታውቂያለሽ። ነገር ግን መንገዱ ጭቃ ነው ብለሻልና የአጎቴ በቅሎ መኪናው ከሚቆምበት ትጠብቀኝ። አንቺም ልትቀበይኝ ብለሽ ከቤት እንዳትወጪ። ሙላቴን ጠይቄዋለሁ፤ በእናንተ በኩል ከሐምሌ ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም።