ሽመላው፣ አዞው እና የጥጉ ሰው

ነሐሴ 25፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ሙዙ ተጭኖ ሄደ። የኩልፎ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል፣ ማሳችንን ግን አልነካም። ተመስገን። እግሬን ታጥቤ ተቀመጥኩ። የምሳው ሳህን እንደተከመረ ነው። ለማጠብ ልብ የለኝም።

ወንድሜ ኦይሳ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ሻዩን ሳይጨርስ። ልጄን ምሕረትን እንኳ ሳይሰናበት።

አንተ አዲስ ደብተር ነህ፤ የድሮው የሚያውቀውን አታውቅም። ባሌ ማርቆስ በወጣትነቱ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ቦክስ ይጫወት ነበር። ኦይሳ ታላቄ ነው፤ ያኔ የማርቆስ የጥግ ሰው ነበር። በዙርና በዙር መሃል ውሃ የሚሰጥ፣ ፊት የሚጠርግ፣ ፎጣ የሚይዝ። አሁን ማርቆስ እዚህ ሙዝ ያለማል፣ ኦይሳ ጫኖ መንደር ፓፓያና ማንጎ አለው። እሑድ እሑድ ከቤ/ክ መልስ እኛ ቤት ይገናኙና በተለያየ ዘመን የኖሩ ቦክሰኞችን ያጋጥማሉ። ማን ማንን ይጥል ነበር እያሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ዝም እላለሁ። በሆዴ ግን ዙር እቆጥራለሁ።

ትልቁ ግጥሚያ የሽመላውና የአዞው ነው። የፈረንጅ ስማቸው ለአፋችን አልመች ቢል ከጫሞ ሐይቅ ስም አወጣንላቸው። ሽመላው የድሮ ሰው ነው። ረጅም፤ እግሩ መሬት የማይነካ የሚመስል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ የሰውን ቡጢ አየር ላይ የሚያስቀር። አዞው ኋላ የመጣ ነው። አጭር፤ አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ፤ ከታች ተነስቶ መውጫ የሚዘጋ። ሽመላው ጓንቱን ሲሰቅል አዞው ገና ልጅ ነበር። አንድም ቀን አልተጋጠሙም። እኛ ቤት ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሲደባደቡ ኖሩ።

ዛሬ ኦይሳ፣ አዞው በሁለተኛው ዙር ሽመላውን ጥግ ያስገባዋል አለ። ማርቆስ፣ ይገባል ግን ይወጣል አለ። አይወጣም። ይወጣል። በምን እግሩ? እግሩማ ያንተ አይደለም። ሳቁ። ከዚያ ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጥጉ ላይ እንደ አንተ ያለ ሰው ካልቆመበት፣ ይወጣል።»

ምሕረት እኔን አየች፤ እኔ ማንቆርቆሪያውን አየሁ።

የአዋሳውን ማለቱ ነው። ከመጋባታችን በፊት፣ አዋሳ ላይ፣ ማርቆስ በእግሩ ቆሞ እየተጫወተ ኦይሳ ፎጣ ወረወረ፤ በቃው ማለት ነው። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ማርቆስ ከዚያ ወዲያ ጓንት አልነካም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ያ ፎጣ በዚህ ቤት ስሙ ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ነሐሴ 28

ማርቆስ ቦዩን ሲጠርግ ዋለ። ያልቆሸሸውን ጭምር። ኦይሳ አልደወለም።

ፍርሃቴን ልጻፈው። ከመስቀል በኋላ ምሕረትን ሊጠይቁ የሚያገባት ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ። አባቴ ካረፈ ወዲህ በእኛ ቤት የአባቴ ቦታ የኦይሳ ነው። እሱ የሌለበት ሽማግሌ እንዴት እንቀበላለን? እኔ የሰው አፍ ፈራሁ። ምሕረት የሰው አፍ አልፈራችም። ጋሼ ኦይሳ ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ስትናገር አባቴን መሰለች።

ደግሞ መስቀል ራሱ አለ። እኛ ጋሞዎች ተኳርፈን መስቀል አንገባም። የተጣላ ቀድሞ ይታረቃል። በየዓመቱ ሁለቱ አንድ በሬ ላይ ቅርጫ ይገባሉ። ዘንድሮ ማርቆስ ስለ በሬ አላነሳም። ቅቤውን ግን እኔ ከግንቦት ጀምሮ አጠራቅሜአለሁ። ቅቤ ኩርፊያ አያውቅም።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ኦይሳ አልመጣም። ሳላስበው በእሱ ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ማርቆስ አይቶ ጠጣው።

ከሰዓት ብቻዬን ቀረሁ። ሽመላውንና አዞውን አጋጠምኳቸው።

ይህን ነገር የጀመርኩት ሳላገባ ነው። ጨንቻ፣ አባቴ ቤት፣ ብርድ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። ት/ቤት አልተላኩም፤ ፊደል የለየሁት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፣ ወንድሞቼን እየጠየቅኩ። ከአልጋዬ ራስጌ ሁለት ቦክሰኞች ነበሩ። ጽሑፉ «በአሥረኛው ዙር ግን» ይልና ያበቃል። የቀረውን አይጥ በልታዋለች። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማታ ማታ እኔ እጨርሰው ነበር፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው። ኋላም ስኳርና በርበሬ የሚጠቀለልበትን ወረቀት ሁሉ አነበብኩ። የቦክስ ወሬ ሳገኝ በርበሬውን አራግፌ አስቀምጥ ነበር።

እሺ። ሽመላውና አዞው። ወንዶቹ የሚዘሉትን እኔ አልዘልም። በማን ዘመን ሕግ? በሽመላው ዘመን አሥራ አምስት ዙር ነበር፤ በአዞው ዘመን አሥራ ሁለት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ የትኛው ሽመላ? ወጣቱ ዘላይ ነው፣ አይያዝም። ዓመታት አርፎ የተመለሰው ከብዷል፣ ግን መመታት ተምሯል። እኔ የተመለሰውን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የአዞው ናቸው። ከታች ይመጣል፣ ጎን ይመታል፣ ጎን ይመታል፣ ከዚያ አገጭ። ሽመላው ገመዱ ላይ ተደግፎ ፊቱን በክንዱ ይከድናል። ያማል። ግን አዞ አንዴ ነው የሚዘለው። ያን ዝላይ ካሳለፍክ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። ስድስተኛው ላይ አፉ ይከፈታል። ሰባተኛው ላይ ሽመላው ግራ እጁን እንደ ምንቃር...

እዚህ ላይ ቆመብኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ተመለስኩ። ሽመላው ገመዱ ላይ ሲደበደብ ጥጉ ላይ የቆመው ሰው ታየኝ። ፎጣ ይዟል። ሰባተኛው ዙር እንደሚመጣ በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው ሦስተኛውን ነው።

ስንት ዓመት ሁለቱን ብቻ ሳይ ኖርኩ።

መስከረም 5

ጫኖ ሄድኩ። በባጃጅ፣ ሙዝ ይዤ። ሙዝ ወደ ጫኖ መውሰድ ውሃ ወደ ሐይቅ ነው፤ ባዶ እጅ ግን አይኬድም።

ኦይሳ የመስኖ ተራው ደርሶ ውሃ እየመራ ነበር። ቆሜ አብሬው ጭቃ ረገጥኩ። ያ አሮጌ ሽመላ ደህና ነው ወይ ብሎ ስለ ማርቆስ ጠየቀኝ። ወገቡን ያመዋል አልኩ። ሽመላ ወገብ የለውም፣ እግር ብቻ ነው አለ። ፈገግ አላለም ግን።

ስለ ምሕረት ነገርኩት። አካፋውን አቆመ። ለልጄማ ተጎትቼም እመጣለሁ አለ፤ ግን የማይወደኝ ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ብመርቅ ምርቃቱ ይይዝላታል ወይ? 

ከዚያ ለምን ፎጣውን እንደወረወረ ጠየቅኩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃውን ወደ ሌላው መደብ ቀየረ። በመጨረሻ፣ ብነግረው ይጎዳል፣ ባልነግረው እኔን ይጠላል፤ እኔን ይጥላ ብዬ መረጥኩ አለ።

 ፓፓያ አሸክሞ ሸኘኝ። 

መስከረም 10

አቶ አንጁሎን ለመንኩ። ሰፈራችን ውስጥ እርቅ የሚይዙ እሳቸው ናቸው። እሺ አሉ፤ ቀጥለው ምን ሰርቀው ነው፣ ድንበር ነው፣ ውሃ ነው ብለው ጠየቁ። ቦክስ ነው አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ማርቆስ አይሆንም አለ። እኔ የቤ/ክ ሰው ነኝ፣ የእርቅ ሣር ይዤ አደባባይ አልቀመጥም። አቶ አንጁሎ ራሳቸው መዘምራን አጠገብ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ሣርን የፈጠረው ማን ነው ብለው ጠየቁት። ማርቆስ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

መስከረም 13፣ ከሰዓት

 ሳይቀዘቅዝ ልጻፍ።

ዋርካው ሥር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ማርቆስ በዚህ፣ ኦይሳ በዚያ። እኛ ሴቶች ከኋላ። ጉዳዩ ይነገር ተባለ። ማርቆስ ስለ ሽመላው፣ ስለ አዞውና ስለ ፎጣው ተናገረ፣ እየከበደው። አቶ አንጁሎ በሕይወታቸው ቦክስ አይተው አያውቁም። በጥሞና ሰሙ።

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ተደባድበዋል?»

«የለም።»

«ተሰዳድበዋል?»

«በተለያየ ዘመን ነው፣ አባባ። አልተገናኙም።»

«እንግዲህ እነሱ ሰላም ናቸው። እነሱን እንተዋቸው።»

ሰው ሳቀ። ማርቆስም ሳቀ፣ አፉን ይዞ። ኦይሳ ግን መሬት መሬት ያያል። አቶ አንጁሎ ሣሩን በሁለቱ መሃል አኖሩ። እዚህ ላይ ግማሽ ቃል አይነገርም አሉት ኦይሳን። ያን ፎጣ ለምን ወረወርክ? ሙሉውን አውጣ።

ኦይሳ አወጣ። ከአራተኛው ዙር በኋላ ማርቆስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ደህና ነበር። ደምም የለውም። ቀና ብሎ፣ እማዬ ምሳ በልታለች ወይ ብሎ ጠየቀው።

የማርቆስ እናት ከዚያ ውድድር በፊት በነበረው ዓመት ነው የተቀበሩት። ሳጥናቸውን ማርቆስ ራሱ ነው የተሸከመው።

ደወሉ ተደወለ፣ ተነስቶ ሄደ። ይመታል፣ ይሸሻል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቆሞ ነበር፣ እዚያ ግን አልነበረም አለ ኦይሳ። ያኔ ወረወርኩት። ሲነቃ ሰደበኝ። እናትህን በሰው ፊት ፈለግህ ብዬ እንዴት ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ራቀ።

 ማርቆስ ከሣሩ አንድ ዘለላ መዘዘ። ለረጅም ጊዜ በጣቱ ጠቀለለው።

«ምን ብለህ መለስክልኝ?»

«በልታለች አልኩህ።»

ማርቆስ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።  ከዚያ በጉልበቱ ተንበረከከ። ኦይሳም ወረደ። ማን ቀደመ ብትለኝ አላውቅም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። አቶ አንጁሎ መረቁ። ሁላችንም ሣር ያዝን።

መስከረም 14

ጠዋት ሳህኖቹን ሳጥብ ሳላውቀው አዜምኩ። ትከሻዬ ወደ ቦታው ወረደ። ከባድ እንስራ አውርዶ እንደ መቆም ነው፤ አንገት ራሱ ይረዝማል።

ማርቆስ ቁርስ ላይ ተናገረ። ያን አምስተኛ ዙር በሕይወቴ ከተጫወትኩት ሁሉ የተሻለው ብዬ ነበር የያዝኩት አለኝ። ልክ እንደ ፎቶ። አሁን ሳስበው፣ አለ፣ የማየው ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰውዬው የለም። ተቆጣህ ወይ አልኩት። አሰበ። የለም፣ ቀለለኝ አለ። ሠላሳ ዓመት ድሌን የሰረቀኝ ሰው ነው ስል፣ ለካ እኔን ነው ያወጣኝ።

ሁለት እንጀራ ጨረሰ፣ በሚያቃጥል ዳጣ። ሰሞኑን ግማሽ ነበር የሚበላው።

መስከረም 18

መስቀል ገባን። አንድ በሬ፣ እንደ ድሮው። ቅቤው በቃ፣ ተረፈም። ኦይሳ ቅርጫው ላይ መደብ ሲመድብ ለማርቆስ ምላስ ጨመረለት። ይኸው ሌላ ምላስ፣ ያንተ ስለተሳለብህ አለው። ማርቆስ፣ ላንተ ደግሞ ዓይን ይሰጥህ፣ ጥሩ ታያለህ አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው።

መስከረም 25፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ኦይሳ በአባቴ ቦታ ተቀመጠ፣ በአዲስ ነጠላ። ትንሽ አስጨነቃቸው፣ ደንቡ ነው፤ ከዚያ እሺ አለ። ምሕረትን ሲመርቃት ድምፁ ተሰበረ፣ ሳል አስመሰለው። ምሕረት ጉልበቱን ይዛ አልነሳም አለች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። አንድ ልጅ እንዲህ ተመርቃ ስትወጣ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

እንግዶቹ ሲሄዱ ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው ቀሩ። ሻይ ቀዳሁ፣ ለእያንዳንዱ በየብርጭቆው።  ማን ይጀምር? በመጨረሻ ኦይሳ፣ እንግዲህ አዞው ጥግ አስገብቶት ነበር የቀረነው አለ።

ሄዱበት። ይወጣል፣ አይወጣም። ከዚያ ማርቆስ ዞር ብሎ አንቺስ ምን ትያለሽ አለኝ። እኔን። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። አሥራ አምስት ዙር ነው ወይስ አሥራ ሁለት ብዬ ጠየቅኩ። ተያዩ። የትኛው ሽመላ ነው፣ ከማረፉ በፊት ነው ወይስ አርፎ ከተመለሰ በኋላ? ኦይሳ ብርጭቆውን ወደ አፉ እያነሳ ቀረ። ሌላም አለ አልኩ፤ የሽመላው ጥግ ላይ ማን ነው የቆመው? እሱን ሳላውቅ አልፈርድም።

ኦይሳ ሳቀ። እኔ እቆማለሁ አለ።

ማርቆስ ሻዩን አማሰለ፣ ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል። ከዚያ ቀና ሳይል፦

«እሺ። ፎጣህን ይዘህ ና።»

ኦይሳ የቤቱ ፎጣ ሁሉ ያለቀ ነው አለ፤ ሚስቱ መወልወያ አድርጋዋለች። ለሚቀጥለው እሑድ እኔ ነጩን ፎጣ አጥቤ አወጣለሁ። ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለእንግዳ ያስቀመጥኩት። ነገ ፀሐይ ካለ አሰጣዋለሁ።