ሃይድሮጅን ብረት አይደለም

ቡታጅራ፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤት መጣ። የኬሚስትሪው መምህር «ወላጅ ሳታመጪ ክፍል አትገቢም» ብሎኝ ነው። ጥፋቴ እሱን ማረሜ ነው። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ሃይድሮጅን በእነ ሶዲየም አምድ አናት ስለተቀመጠ እንደ እነሱ ብረት (ሜታል) ነው፣ ለክሎሪን ኤሌክትሮን ይሰጣል ብሎ አስተማረ። እጄን አውጥቼ፣ ብረት አይደለም፣ ኤሌክትሮን ይጋራል እንጂ አይሰጥም አልኩ። መጽሐፉን ገልጬ ሳሳየው አባረረኝ።

አባቴ ማን ልክ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። «ወላሂ መምህር፣ ልጅ ናት፤ ለእኔ ሲሉ ይማሯት» አለው።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባትሽ ጨዋ ናቸው። አንቺ በማን ወጣሽ?» አለኝ።

ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ ሁለቱ ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ስንመለስ አባቴን «ሃይድሮጅን እኮ ብረት አይደለም» አልኩት።

«እሺ፣ አይደለም። ይቅርታ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

ይቅርታ ካልኩ የማውቀውን አላውቅም ማለቴ ነው። ይህን ለእሱ ማስረዳት አቃተኝ።

ነገ ማይክራፎኑን ራሱ መምህሩ ያቀብለኛል። ከሃይድሮጅን እጀምራለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሆነ ተማሪው ይፍረድ።