መሃሉ ለሪና ይሰጥ

ግርምሽዬ፣

ይኸው ከተለያየን ዘጠነኛ ወር ያዝን። አንተ ስትሄድ ከሳሎናችን መስኮት ፊት ያለው ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ነበር፤ አሁን ለብሶ ለብሶ የማዶውን ቤት ሁሉ ጋርዶታል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ቤቱን የሚያከራየን ካውንስል ስንት ዓመት የለመንከውን የማሞቂያ ቦይለር ቀይሮልናል፤ አንተ ብርድ ልብስ ደርበህ የደወልክላቸውን ያህል እኔ አልደወልኩም፣ ግን ሙቀቱ ለኔ ደረሰኝ። ልጅህ ሳባ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከባተርሲ ድረስ ትመጣና ፍሪጁን ከፍታ ትቆጣኛለች። ልብሶችህን ሰጥቻለሁ። ጓንትህንና ኮፍያህን ግን አልሰጠሁም፤ በሩ አጠገብ እንደተሰቀሉ ናቸው።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ ሳቅህን ያዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ እሄዳለሁ። አዎ፣ እኔ! ቤዝቦልን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሰው ቆሞ የሚውልበት ጨዋታ» እያልኩ ያሾፍኩብህ ሴትዮ፣ ተጣጣፊ ወንበሬንና ቴርሞሴን ይዤ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በደብተርህ ነው። መጋቢት ላይ የክለባችሁ አሠልጣኝ ማርቲን ደወለልኝ። እንዲህ ሲጨነቅ ሰምቼው አላውቅም። ከኋላ ሰፊው ሣር ላይ የሚቆሙት ሦስቱ፣ አንተ «የኔ ልጆች» የምትላቸው፣ ሳስተዋል አለኝ። በግራ የሚቆመው ቧንቧ ሠራተኛው ኦወን ጉልበቱ አልቋል። የቀኙ ሥራ አግኝቶ ከለንደን ወጥቷል። የመሃሉ ደግሞ ልጅ ወልዶ ዘንድሮ አልጫወትም ብሏል። ከሁለተኛው ቡድንና ከጀማሪዎቹ ማን ደርሷል፣ ማን ገና ነው የሚለውን ሲከታተል የኖረው ግርማ ነው፣ ደብተሩን አምጪልኝ አለ። አመጣሁለት። ሲከፍተው ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ነው። ያኔ ነው ሁለታችንም የገባን፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ።

የክለቡ የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ችግሩ፣ ከሚመረጡት ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዳኒም እዚያው ነበር፣ ሻይ እያፈላ። በለቅሶህ ጊዜ ዳኒ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ወደ ላይ ሲያመላልስ፣ ከሴቶቹ ጋር ቆሞ ብርጭቆ ሲያጥብ ነበር። ያን ልጅ ፊቱ ቆሜ ምን ልበለው? አንተ የጻፍከው እንዲህ ይላል፦ «ዳኒ፦ ሩጫው ግሩም። ኳስ ካልመጣለት ግን ሐሳቡ ሌላ አገር ነው። ዳር ይሁን፣ መሃል አይሆንም።» እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት፣ ሩጫው ግሩም ነው፣ ትልቅ ተስፋ የሚጣልበት ልጅ ነው። ዳኒ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀጥሎ የሪና ገጽ መጣ፣ የሁለተኛው ቡድኗ፣ የአውቶቡስ ሹፌሯ። «ክንዷ ደካማ ነው፤ ይሠለጥናል። ኳሷ ሳትመታ በፊት እግሯ ያውቃል። መሃሉ ለሪና ይሰጥ።» ክንዷን አነበብኩ። እግሯንም አነበብኩ። የመጨረሻዋን መስመር ዘለልኳት። ሻዩን የሰጠኝ እጅ ገና ፊቴ ነበርና።

ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? አንዲት መስመር ምን ትጎዳለች ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሚያዝያ ላይ ጨዋታ ሲጀመር መሃሉ ለዳኒ ተሰጠ። ሦስት ቅዳሜ አየሁት። ኳሷ በሱና በኦወን መካከል እየወደቀች ሁለቱ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንተ ብትኖር ኮፍያህን አውልቀህ መሬት ትመታ ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የቴርሞሴን ክዳን አጠበቅሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከኬንቲሽ ታውን አውቶቡስ ስሳፈር፣ መሪውን የያዘችው ሪና ሆና አገኘኋት። የምወርድበትን አለፍኩና መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። እዚያ እረፍት ስታደርግ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ወሩ ሲያልቅ ክለቡን እንደምትተው ነገረችኝ። ቦታ ስላላገኘች አይደለም። አንተ ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ በሚቀጥለው መሃሉ ያንቺ ነው ብለሃት ነበር። ክረምቱን ሙሉ እሱን ይዛ ክንዷን ስታሠለጥን ከርማለች። ደብተሩ ሲነበብ ግን እንዲያ የሚል ነገር አልተገኘበትም። ስለዚህ ልቤ እንዳይሰበር ብሎ ነው የነገረኝ አለች። ደግ ሰው ነበር አለች።

ግርምሽ፣ «ደግ ሰው ነበር» ስድብ ሆኖ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንተን፣ ልብስ ለክቼ ያምርብኛል ወይ ስልህ «አያምርብሽም» የምትለኝን ሰውዬ፣ ዋሾ አደረግሁህ። መልስ መስጠት አትችል፣ መከራከር አትችል። አፍህ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ዘለልኩህ።

ለሳባ ደውዬ አለቀስኩ። እሷ እንደምታውቃት ናት፤ «ማሚ፣ ጀስት ንገሪያቸው፣ ኦቨርቲንክ አታድርጊው» አለችኝ። ለሷ አለማብሰልሰል ቀላል ነው። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ ምግብ አልጣመኝም።

ቅዳሜ ቀድሜ ደረስኩ። ማርቲን፣ ኦወን፣ ዳኒና ሪና ጫማቸውን እያሰሩ ሳለ ደብተሩን አወጣሁ። በትክክል አላነበብኩላችሁም፣ ዓይኔ ሳይሆን ልቤ ነው የፈራው አልኳቸው። ለይሉኝታ የሚሆን እንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁ። የዳኒን ፊት ፈራሁ ብዬ ተውኩት። ከዚያ መስመር በመስመር አነበብኩ፣ የዳኒን ገጽ ሁሉንም፣ የሪናን ገጽ ሁሉንም። መጨረሻዋንም አልዘለልኳትም፤ መሃሉ ለሪና ይሰጥ። ሪና ደብተሩን ተቀበለችኝና ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ፊደሉን ሳታውቅ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ዳኒ ሳቀ። ግርማ ይህንን በየሳምንቱ ፊት ለፊት ሲነግረኝ ነበር አለኝ። ከኋላው ቆመህ «ንቃ!» እያልክ ትጮህበት ኖሯል፤ የሚያውቃት አማርኛ እሷው ናት። መጋቢት ላይ እኔ ሳነብለት ግርማ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀይሮልኛል ብሎ ደስ ብሎት እንደነበር ሲነግረኝ ነው አንጀቴን የበላው። ከዚያ ማንም ሳያዘው ጓንቱን አነሳና ወደ ቀኙ ሣር ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ደብተሩን በአማርኛ የጻፍከው እንዳያነቡብህ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምትደብቀው ነገር አልነበረህም። አባትህ ወታደር ሆነው አስመራ ስታድግ፣ በአሜሪካኖቹ ሰፈር አጥር ላይ ተንጠልጥለህ የተማርከው ጨዋታ ስለሆነ፣ ስለሱ የምታስበውም በልጅነት ቋንቋህ በአማርኛ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እንግዲህ የልጆችህን ወሬ ልንገርህ። መሃሉ የሪና ነው። ያለፈው ቅዳሜ ከተጋጣሚዎቹ አንድ ጉልበተኛ ሰውዬ ኳሷን ወደ ዛፎቹ ለጋት። እኔ እንደ ደብተርህ ኳሷን ትቼ የሪናን እግር ነበር የማየው፤ እውነትም የዱላው ድምፅ ሳይመጣ ተረከዟ ተነስቷል። ቅርንጫፉ ሥር ደርሳ ያዘቻት። ክንዷ አሁንም ያው ነው፣ ስትወረውራት ሁለት ጊዜ ነጥራ ነው ዳኒ ጋ የደረሰችው፤ ግን እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ተቀብሎ አሻገረላት። ዳኒ ቀኙን ለምዷል፤ ሲያንቀላፋ ከወንበሬ «ንቃ!» እለዋለሁ፣ እጁን ያነሳልኛል። ኦወን ግራውን እስከ ጨዋታው እኩሌታ ይችላል፣ ከዚያ ጉልበቱ ወደ ወንበሬ ይመልሰውና የሱንና የኔን ጉልበት እናወዳድራለን። እሱን የሚተካ ከሁለተኛው ቡድን አንድ ዝምተኛ አስተማሪ አለ፤ ይይዛል፣ ግን ኳሷን ለጓደኛው መተው አያውቅም። ከጀማሪዎቹ ሁለት እህትማማቾች ዓይኔ ገብተዋል። አንዷ ትሮጣለች፣ አንዷ ትይዛለች። ሁለት ዓመት ብትሰጣቸው ማርቲን ለኋላው ሣር ሰው አይለምንም። ዘንድሮ ዋንጫ አንበላም፣ አልዋሽህም። ግን ሣሩ ባዶ አይደለም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ማርቲን ደብተሩን ቀጥይበት ስላለኝ ነው። አንተ ካቆምክበት ቀጥሎ ካለው ገጽ ጀመርኩ። በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሁሉም በየፊታቸው አነባለሁ። አሁንም ፊቴ ይቀላል፣ ግን አነባለሁ።

ሙት ዓመትህ እየመጣ ነው። ሰው ይሰበሰባል፤ በለቅሶህ እንዳሉት «ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር» ይላሉ። ያኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻቸዋለሁ። ዘንድሮ አልነቀንቅም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ግርምሽ፣ ግትር ነበርክ። እርጥብ ካልሲ ራዲያተር ላይ ትሰቅል ነበር። ጨዋታህን ስነካብህ ሁለት ቀን ታኮርፍ ነበር። በሰው ፊት እውነቱን እየተናገርክ ስንቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አሰኘኸኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ከኔ ቀድመህ ተነስተህ ጫማዬን ታሞቅልኝ ነበር፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዘንድሮ እናገራለሁ።

እስካለሁ ድረስ አንዲት መስመር ሳልዘል አስታውስሃለሁ።

ያንተው
አስካለ