ዐይኔን ከእኔ በላይ ስላመኑልኝ

ለክቡር ዳኛ ወልደ ጻድቅ፣
የይግባኝ ሰሚው ችሎት ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ሆኑ አብረውዎት የሚያስችሉት ዳኞች ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጠራ ዐይን እንዲኖራችሁ አላህን እለምናለሁ። እኔ ጀልባ ሠሪው ሱሌማን ነኝ፤ በዓሣ አጥማጁ በነስረዲን መዝገብ የዐቃቤ ሕግ የዐይን ምስክር የነበርሁት፣ በውሳኔዎም «እርግጠኛ» ተብዬ የተመሰገንሁት። እንዲህ ያለ ሙገሳ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ብዙ አይደርሰንምና በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

፩. ዘበኛው ተደብድቦ የጀልባ ሞተር በተዘረፈበት ምሽት፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ አንድ ሰው ቀዝፎ ሲሸሽ አየሁ። በእርግጥ ያየሁት ጀልባውን ነው፤ በእጄ የሠራሁት፣ ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ያለው የነስረዲን ጀልባ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ከሩቅ የሚታወቀው በጀልባው ነው፤ ጀልባውን አይተን እገሌ መጣ እንላለን፣ ፊቱ በኋላ ይደርሳል። እኔም ነስረዲንን አየሁት ብዬ ማልሁ። ጀልባ በገመድ ብቻ ታስሮ እንደሚያድርና ማንም ፈትቶ ሊወስደው እንደሚችል የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ትዝ አላለኝም።

፪. ፖሊስ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀውን ነስረዲንን አቁሞ ለይ ሲለኝ፣ ሳላመነታ ለየሁት። ይህ ፍጥነቴ በውሳኔው ላይ እንደ ትልቅ ችሎታ ተጽፎልኛል፤ አላህ ይስጥልኝ።

፫. ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተጥሎ በተገኘው የሞተሩ ክዳን ላይ የተነሣው የጣት አሻራ የነስረዲን አልሆነም፤ የዘበኛውም የባለንብረቱም አይደለም። ችሎቱ ግን ዘራፊው ጓንት አድርጎ፣ ሌላ ሰውም ክዳኑን ነክቶት ሊሆን ይችላል ብሎ አለፈው። ጓንት አድርጎ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም፤ ያው የእኔ ማየት ግን ምን እንደሚያወጣ አሁን ሁላችንም እናውቃለን።

ነስረዲን ሰባት ዓመት ከተፈረደበት በኋላ ባለቤቱ ሙኒራ ደጄ ላይ ቆማ «ጋሽ ሱሌማን፣ ፊቱን አይተውታል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልበላሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ለዚህ ነው ፊቱን አላየሁም ብዬ ለይግባኙ ቃሌን በጽሑፍ የሰጠሁት። እናንተም ጎረቤት ተጭኖት ነው ብላችሁ የመጀመሪያውን ቃሌን አጸናችሁ። ስሳሳት አመናችሁኝ፤ እውነቱን ስናገር ተጠራጠራችሁኝ።

ጀልባው ዳር ላይ ተገልብጦ ፀሐይ እየሰነጠቀው ነው። በነጻ ልጠግነው ብዬ ሙኒራን ለመንኋት፤ አንቱታውን ትታ፣ እጅህን አታሳርፍበት ብላ መለሰችኝ። ስለዚህ የቀረኝ ልመና አንድ ነው፦ መዝገቡን ያስከፍቱልኝ፤ በሐሰት መስክረሃል ብላችሁ የምትከሱኝ ከሆነም መጥሪያ ለማድረስ አትድከሙ፣ በራሴ እግር እመጣለሁ።

የእርስዎን አመኔታ ለጠላቴ እንኳ የማልመኝ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሱሌማን፣ ጀልባ ሠሪ
ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ ከስሜ ሥር የአውራ ጣቴን አሻራ አትሜያለሁ። አሻራ ብቻውን እንደማያሳምንዎ ስለማውቅ፣ ደብዳቤውን አስቀድሜ ያነበብሁላት ሙኒራ ሳትም አይታለች፤ የዐይን ምስክር ትሆነኛለች። ያየችው ግን ጣቴን ብቻ ነው፤ ፊቴን ማየት ከተወች ሰንብታለች።