ፎቶ ያልተነሣችው ልጅ

ደልጊ፣ ጥር ፳፪ ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ወንድምዎ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ከጥምቀት ወዲህ እንዴት ሆነልዎ? ታቦት ሲሸኙ ያን ሁሉ መንገድ በእግርዎ እንደ ሄዱ ጎረቤትዎ ውዴ ነግራኝ፣ ተናድጄም ስቄም ነበር። ይህን የምታነብልዎ እሷ ናትና፣ ውዴ፣ አደራሽን ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው።

እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። የሐይቁ ፀሐይ አጠቆረኝ እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም። በስልክ እንዳልነግርዎ፣ ገና ሰላም ሳንባባል «ካርድህ አለቀ፣ ዝጋው» እያሉ ያጣድፉኛል። ደግሞም ከደብዳቤው ጋር አጥፌ የምልክልዎ ነገር አለ።

ከኮሌጁ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከባሕር ዳር እንደ ወጣሁ ያውቃሉ። ምን ይዘህ ትሄዳለህ ብለውኝ ነበር። አንድ ትንሽ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሦስት ደረቅ ቀለሞች፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ። ሁሉም በኮቴ ኪስ ይገባል። ውሃውን ጣና ይሰጠኛል። ግድግዳዎን በከሰል ስለሞላሁ የገረፉኝን እያነሡ እስካሁን ይጸጸታሉ፤ ይተዉት። በከሰል የጀመረ ሰው ነው ዛሬ በሁለት እርሳስ የሚጠግበው።

ቁንዝላ ሦስት ቀን ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ጀልባ ከሚጠጋበት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን እስላለሁ። ሰዉም ይከበኛል። አንዱ «ይቺማ የእኔ ጀልባ ናት፤ ምነው ስንጥቋን እንኳ ብትተውልኝ!» ብሎ ተቆጣኝና ሁሉም ሳቁ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ከሰው ኋላ ቆመው ብዙ ካዩኝ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን ቀረብ አሉ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ይባላሉ፤ የዓሣ አጥማጁ የአቶ አንዳርጋቸው ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ የማታየውን ሰው መሳል ትችላለህ?» አሉኝ።

የሺመቤት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። በዘጠኝ ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች፤ ይኸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ትምህርት ቤቱ ፎቶ አንሺ ያመጣ ዕለት ታማ ቤት ስለ ቀረች አንድም ፎቶ የላትም። «ድምፅዋን አልረሳሁትም፤ መልኳ ግን እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ። «ልይዘው ስል ይሄድብኛል።»

እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፣ ፈራሁ። ሳላውቅባት ብስላት፣ ያቺን የቀረቻቸውን ጥቂት መልክ ደግሞ እንዳላበላሽባቸው ፈራሁ። ግን ዓይናቸውን አይቼ እንቢ ማለት አቃተኝ።

ቤታቸው ከሐይቁ ሩቅ አይደለም። አቶ አንዳርጋቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። የመጣንበትን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «የሞተን ሰው ምን ይነካኩታል? ተያት፣ ትረፍ» አሏቸውና ጀርባቸውን ሰጡን።

እናትየዋ ይናገራሉ፣ እኔ እስላለሁ። ግንባሯ ሰፊ ነው አሉኝ፤ ሰፊ አደረግሁት። «እንዲያ አይደለም» አሉ፤ አጠፋሁት። አፍንጫዋ የአባቷ ነው ሲሉኝ ጊዜ፣ ጀርባቸውን የሰጡኝን ሰው አፍንጫ ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ዋልሁ። ሁለት ወረቀት በላጲስ ተፍቆ ተቀደደ። ሦስተኛውን ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ምን ጎደለ ብላቸው፣ «እንጃ፣ ልጅስ ልጅ ናት፤ የእኔን ልጅ ግን አትመስልም» አሉኝ። እርሳሴን አስቀምጬ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።

ይኼኔ አቶ አንዳርጋቸው ከመረባቸው ቀና ሳይሉ፣ «እሷ መች ራሷን ቀጥ ታደርግ ነበር?» አሉ። «ሰው ሲያናግራት ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ አንድ ጆሮዋ አይሰማም ነበራ።» ለካ በትከሻቸው ላይ ሲያዩን ኖሯል።

በአራተኛው ወረቀት ራሷን ዘንበል አድርጌ ጀመርሁ። ሰውየው መረቡን ጥለው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። «አፏን አታስቀው፤ እሷ በዓይኗ ነው የምትስቀው» አሉ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ይከራከሩ ጀመር። ሹራቧ ቢጫ ነበር አሉ እናት፤ አረንጓዴ ነው አሉ አባት። ጥቂት ተጨቃጭቀው፣ አረንጓዴው የጎረቤት ልጅ እንደ ነበር ትዝ አላቸውና ተሳሳቁ። እኔ ደግሞ ቢጫ የለኝም። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከጓዳ እርድ በማንኪያ ይዘው ወጡ። በጣና ውሃ በጥብጬ ቀባሁት። እትዬ፣ ገዝቼ ከማውቀው ቀለም ሁሉ እንደዚያ ያለ ቢጫ አላየሁም።

ወረቀቱ ሲደርቅ ሰጠኋቸው። እናትየዋ ጉንጯን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፤ «መጣችልኝ» አሉ። አቶ አንዳርጋቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ «እኔ እኮ እስካሁን አድገሽ ይሆናል ብዬ ነበር» አሏት። እኔን ረስተውኛል። ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ቤት ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ወደዚህ ወደ ደልጊ በሚመጣው ጀልባ ተሳፈርሁ። ንፋስ የለም፣ ውሃው ረግቷል። ከጆንያና ከዶሮ መካከል ተቀምጬ እናታችንን ልሳላት ብዬ አሰብሁ፤ የእሷም ፎቶ የለንምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። እሷ ስታርፍ እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። «ትዝ ትልሃለች?» ባሉኝ ቁጥር አዎ ስል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው። እርስዎ ሲሰሙት ደስ ስለሚልዎ ነበር።

ቢሆንም እርሳሴን ይዤ ጀመርሁ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። ማንም «እንዲያ አይደለም» አላለኝም፤ ላጲስም አላነሣሁ። ግንባሩ፣ የሻሹ አስተሣሠር፣ ከቀኝ ጉንጭ ላይ ያለችው ጠባሳ። ስጨርስ ቀና አድርጌ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ያቺን ጠባሳ ያገኙባትን ዕለት ነግረውኛል፤ ከአንበሳሜ ገበያ እኔን አዝለው ሲመለሱ አዳልጦዎት፣ ሁለቱም እጅዎ እኔን ስለ ደገፈ በፊትዎ ነው የወደቁት።

ምንም አላረምሁበትም። አጥፌ ልኬልዎታለሁ። ውዴ ስታነብልዎ ሳይሆን ብቻዎን ሲሆኑ ይክፈቱት።

ከፈቃዴ አምስት ቀን ይቀረኛል፤ ዐርብ እዚያ ነኝ። እርድ እንዳይጠፋ።

የጣና ገዳማት ጸሎት አይለይዎ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ዕድሜዎን ከእኔ ዕድሜ ቀንሶም ቢሆን ይጨምርልኝ።

ልጅዎ