የጓዳው ቁልፍ

ሬንተን፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ እዚያ ካፒቶል ሂል ሰፈርህ ዛሬም ቤቱን ሳታሞቅ ታነባለህ? እኔን ለክፉ አይሰጠኝም።

ባለፈው እሁድ ሌክ ሲቲ በማኅበራችን አዳራሽ ከተረጎምከው መጽሐፍ ያነበብክልን ምዕራፍ ሰዉን አተረማምሶታል። ባለሱቁ ይርጉ ሚስቱን ባየሽን አስከትሎ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለ ቤቴ ድረስ መጣ። በታሪኩ ውስጥ የጓዳውን ቁልፍ ከሚስቱ ቀምቶ በሰደርያ ኪሱ ይዞ የሚዞረው ባል እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ ሰደበኝ ይላል። ታሪኩን የጻፈው ካታላን ከሚባሉት ፈረንጆች ወገን እንደሆነ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ባርሴሎና ውስጥ ቀን ፍርድ ቤት እየዋለ ማታ የሚጽፍ ጠበቃ እንደነበር፣ አንተ ተርጓሚ ብቻ እንደሆንክ ነገርኩት። "ሶ፣ ሰደርያዬን ከየት አወቀ?" አለኝ። ባየሽ በሳቅ ፍርስ አለች። አዳራሹም ውስጥ እንደዚሁ ስትስቅ ነበር።

የፊታችን እሁድ በሰው ፊት ይቅርታ ልትጠይቀው እሺ ብለሃል አሉ። በናትህ እንዳታደርገው! ይርጉ አይደለም ካልክ፣ ታዲያ ማን ነው ማለታቸው አይቀርም።

ያ ደራሲ ለኩሽና እንጂ ለመጽሐፍ አይሆንም በሚሉት በእናቱ ቋንቋ ይጽፍ ነበር፣ አነጋገሩንም ከአገሩ ሴቶች አፍ ይለቅም ነበር ብለኸኝ ነበር። አንተም እንደሱ አደረግህ። ቁልፉን የተቀማችው ሴትዮ ምን ብትል ያምርባታል ብለህ ስትጠይቀኝ፣ "ጨው እንኳ ሳላስፈቅድ አልነካም" በላት አልኩህ። ባለቤቴ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማዋል ብዬ መች አሰብኩ? ሬንተን እስክንገባ በሀይዌዩ ሙሉ ኪሱ ያለውን የጓዳችንን ቁልፍ እየዳሰሰ ነዳ። ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ።

ለምን ኮል አላደረግሽም እንዳትለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ነቅሎ መኪናው ውስጥ ይዞት ነው ሥራ የሚሄደው።

ከቤቴ ሲወጡ ባየሽ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ ያን እሁድ ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ ብቻ ምነው አልሳቅሽም አለችኝ። ወዲያው እጄን ያዘችኝ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷ ናት። መልስ ወደ ቤት እንዳትጽፍ።

እሁድ ባለቤቴ መምጣቱ አይቀርም፤ ከቀረ ሰው ይጠረጥረኛል ብሎ ይፈራል። እኔ አሞኛል ብዬ እቀራለሁ። አንተ ረጅሙን ምዕራፍ አንብብ፤ ይርጉ ቢጮህም አታቋርጥ። ከዚያ በፊት ግን የቤትህን ትርፍ ቁልፍ ለባየሽ ስጣት፤ ለኔ ታደርስልኛለች።

እግዜር ድምፅህን ያጽናልኝ፤ ሳልህንም እስከ እሁድ ያቁምልህ።

እህትህ