«ተላምደዋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከጭሮ የተላከ ምስጋናና ማብራሪያ

ለተከበሩ ዶክተር ኢዛና
የኤችአይቪ ዝርያና የመድኃኒት መላመድ ጥናት ቡድን መሪ
አዲስ አበባ

ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለማቀዝቀዣዎቻችሁ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ በማለት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማቀዝቀዣዎቹን የጠቀስኩት ለማሾፍ እንዳይመስልብኝ፤ የእኛ ደም እዚያ ውስጥ ስለሚገኝ የእነርሱም ደኅንነት ያሳስበናል። እኛ በጌታ ቸርነት ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የምጽፍልዎም ስለ እርሷ ነው።

በቀለች ዱጉማ እባላለሁ። ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ የኤችአይቪ መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። መድኃኒት ለመቀበል በየወሩ የምንገናኝ ሰዎች ማኅበር አለን፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ባልደረቦችዎ መጥተው ከስልሳ ሁለታችን ደም ቀዱ፤ የቫይረሱን ዝርያ ለይተው፣ መድኃኒቱ የማይበግረው ቫይረስ ካለ በሦስት ወር ውስጥ እንደሚያሳውቁንም ነገሩን። ዛሬ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር በእናንተ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ስላልጠየቅን ጥፋቱ የእኛ ነው።

፩ኛ፦ በቅድሚያ ለዘር ቆጠራው እናመሰግናለን። በእኛ አገር ዘር የሚቆጠረው ልጅ ሲዳር ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይወርዳል። ለቫይረስ ዘር ማንዘሩን የቆጠረለት ግን ከእናንተ በፊት አላየንም። ባለፈው ወር በደረሰን ሪፖርታችሁ ላይ የእኛው ቫይረስ ቅርንጫፉ ተስሎ፣ አያት ቅድመ አያቱ ተጠቅሶ ስናይ፣ ከመካከላችን ለራሱ ይህን ያህል ዘመድ የሌለው ሰው ቀንቶበታል።

፪ኛ፦ በመጠይቁ ላይ በተራ ቁጥር አሥራ አራት ስለሰፈረው «መድኃኒቱን ተላምደዋል ወይ?» ስለሚለው ጥያቄ። በእናንተ ቋንቋ መላመድ ማለት ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት ከእንግዲህ አልሞትም ማለቱ እንደሆነ አሁን ተምረናል። በእኛ ቋንቋ ግን መድኃኒቱን የተላመደ ሰው ማለት ሰዓቱን የማያሳልፍ፣ የማያስመልሰው፣ ጎረቤት ሲመጣ ክኒኑን ትራስ ሥር የማይደብቅ ሰው ነው። እዚህ ለመድረስ ሲስተር ረዲያ፣ መድኃኒት የምትሰጠን ነርስ፣ ስንት ዓመት ለፍታብናለች። ስለዚህ ጠያቂያችሁ ትዕምርት፣ የጨዋ ልጅ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተላምደናል ወይ ስትለን ስልሳ አንዳችን ደረታችንን ነፍተን አዎን አልን። እኔማ «በደንብ» የሚል ጨምሬበታለሁ። ጫቱን ጉንጩ ላይ ወጥሮ የገባው አብዶ ደግሞ የተጠየቀው ስለ ጫቱ መስሎት፣ ከተላመድኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል ብሎ በኩራት ተናገረ፤ እርሷም ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፈችው። ሪፖርታችሁ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይፈጠር የተላመደ ታካሚ ጭሮ ውስጥ መኖሩን በማብሰሩ ከተማችን ኮርታለች።

፫ኛ፦ አሁን ወደ ሰርካ እመጣለሁ። ሰርካ ሚኤሶ መንገድ ዳር ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ የምትሸጥ ጓደኛችን ናት፤ ስሟን የምጽፈው ራሷ፣ ብልቃጤ ላይ የተጻፈውን ኮዴን ካወቁ ስሜንም ይወቁልኝ ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች አራት ዓመት ሲሆን አንድ ቀን አላጓደለችም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል። ስለዚህ ትዕምርት ስትጠይቃት፣ ኧረ ምኑን ተላመድኩት ብላ እውነቱን ተናገረች። ከስልሳ ሁለታችን «አልተላመደም» ተብሎ የተመዘገበላት እርሷ ብቻ ሆነች።

እናንተም በሥርዓቱ መሠረት «ተላምደናል» ያልነውን የስልሳ አንዳችንን ብልቃጥ ወደ ላቦራቶሪ ልካችሁ፣ የሰርካን ከማቀዝቀዣው ተዋችሁት። ውጤታችን ባለፈው ወር መጣ፤ የሁላችንም ቫይረስ ለመድኃኒቱ ታዛዥ ነው ተባልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሰርካ ሲዲ ፎር የሚሉት የሰውነት መከላከያ ቁጥር ግን ከሦስት መቶ አሥር ወርዶ ዘጠና ደርሷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይርላት ይፈልጋል፤ ያለ ማስረጃ መቀየር አልችልም ይላል፣ ማስረጃው ደግሞ እናንተ ጋ በረዶ ውስጥ ተቀምጧል። ሲስተር ረዲያ ሁለት ጊዜ ጽፋላችሁ ነበር፤ ሁለቴም፣ ተሳታፊዋ አልተላመድኩም ስላሉ የምርመራውን መስፈርት አያሟሉም የሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ ደርሷታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሰርካ ምኗንም አልደበቀችም።

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው ሜትርና መቀስ ነው። ነገር ግን የሰርካን ሰማያዊ ቀሚስ በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ አጥብቤላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ይዛው መጥታ፣ በቀለች፣ እንግዲህ ጨርቁ እንዳይበላሽ፣ ኋላ ለሚወርሰው ሰው ሰፋ አድርገሽ ተይው ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፈርቻለሁ፣ ዶክተር።

ስለዚህ ቁጥር አርባ ሰባት የሆነውን የሰርካን ብልቃጥ አውጥታችሁ እንድታነቡልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ለሥርዓቱ የሚያስፈልገው ቃል ከሆነ፣ ሰርካ መጠይቁን እንደገና ለመሙላት ዝግጁ ናት፤ ተላምጃለሁ በይ ካላችኋት ትላለች። ዕድሜ ልኳን ዋሽታ አታውቅም፤ ለእናንተ ስትል ግን አንድ ጊዜ ትሞክራለች።

የቫይረሳችንን ቅድመ አያት ስላስተዋወቃችሁን፣ ለአብዶም የሠላሳ ዓመት ዝና ስለሰጣችሁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ጌታ የሥራችሁን ፍሬ ያሳያችሁ፣ ከተቻለም ፍሬው የሚመለከታት ሰው በሕይወት እያለች።

ለምርምሩ ደሟን የሰጠች፣ በቃሏም የተሳሳተች ታናሽ እኅትዎ
በቀለች ዱጉማ
ጭሮ፣ ምዕራብ ሐረርጌ

ማስታወሻ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ባይመጣ አንቀየምም፤ ዝምታችሁን እኛ ስልሳ አንዳችን ተላምደነዋል። ብቻ ይህንንም ስትመዘግቡ ሰርካን አብራችሁ አትቁጠሯት፤ እርሷ ለመላመድ ጊዜ የላትም።